ዓመቱ ስለተጻፈበት የቆየ አርማኛክ፦ ምን ይታያል? እንዴት ይጠጣል?

ማሲንቆ_ቱሉዝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ ውስኪ ብዙ ይወራል፤ ስለ ኮኛክም አልፎ አልፎ። ስለ አርማኛክ ግን ፈልጌ አንድም ክር አጣሁ። ስለዚህ እኔው ልክፈተው።

የምኖረው ቱሉዝ ነው፣ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ። ከከተማው ወጥታችሁ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ዤር የሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ትገባላችሁ። የድሮው ጋስኮኝ ነው። ኮረብታ፣ የሱፍ ማሳ፣ የዳክዬ እርባታ፣ ወይን። አርማኛክ የሚወጣው እዚህና ጎረቤት በሆኑት ላንድና ሎ ኤ ጋሮን ውስጥ ነው። እንደ ኮኛክ ከነጭ ወይን የሚወጣ ብራንዲ ነው፤ ታሪኩ ግን ከኮኛክ ይቀድማል። ቪታል ዱ ፉር የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ በ1310 የዚህን የሚነድ ውሃ 40 ጥቅሞች ዘርዝሮ ጽፎ ነበር። ያኔ የሚታየው እንደ መድኃኒት ነበር። ከጥቅሞቹ አንዱ ያለፈውን ያስታውሳል የሚል ነው፤ ሌላው ደግሞ አፍ ውስጥ ካቆዩት ምላስ ይፈታል ይላል።

ላወራ የፈለግሁት ግን ስለ ማንኛውም አርማኛክ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ አንድ ዓመት ስለተጻፈበት፣ ቪንቴጅ ስለሚባለው ነው። ኮኛክ አብዛኛው ቅልቅል ነው። ትልልቆቹ ቤቶች የብዙ ዓመት ምርት አዋህደው ጣዕሙ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋሉ፤ እሱም ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ነው። አርማኛክ ግን የገበሬ መጠጥ ነው። ገበሬው የዘንድሮውን ብራንዲ በርሜል ውስጥ ያደርግና ዓመቱን በጠመኔ ጽፎበት ጎተራው ጥግ ይተወዋል። ገንዘብ ሲያስፈልገው ይሸጣል፣ ልጅ ሲድር፣ ጣራ ሲያፈስ። ሳያስፈልገው ከቀረ በርሜሉ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የ40 እና የ50 ዓመት ጠርሙስ ዛሬም ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው እንጂ የመጠጡ ዕድሜ አይደለም። ብራንዲ የሚበስለው እንጨት ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መስታወት ውስጥ ከገባ በኋላ ባለበት ይቆማል። የ1970 ምርት በ1985 ታሽጎ ከሆነ የ15 ዓመት ብራንዲ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ የቱንም ያህል አቧራ ቢከማች። ያው የ1970 ምርት በ2012 ከታሸገ ግን ከ40 ዓመት በላይ በርሜል ውስጥ ኖሯል ማለት ነው። ፊት ለፊታቸው ላይ የተጻፈው አንድ ሆኖ ሲቀመሱ ፈጽሞ አይገናኙም። ሕጉ ቪንቴጅ ለመባል ቢያንስ 10 ዓመት በርሜል ውስጥ መቆየት አለበት ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለው የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የታሸገበትን ጊዜ ፈልጉ። ጥሩ አምራች ከኋላ ይጽፈዋል።

የቀመሳችሁ ጻፉ። ያልቀመሳችሁም ጠይቁ።

ሰሜን_ኮከብ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ ጥሩ ክር ነው። እኔ እስከዛሬ ሠርግ ላይ ኮኛክ ነው የቀመስኩት። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሁለቱም ከነጭ ወይን ከሆኑ፣ ሁለቱም በርሜል ውስጥ ከተቀመጡ፣ ልዩነቱ የቦታው ስም ብቻ ነው ወይስ መጠጡም ይለያል?

ማሲንቆ_ቱሉዝ፦

መጠጡም ይለያል፣ በጣም። ዋናው ነገር አወጣጡ ነው። ኮኛክ በመዳብ ድስት ሁለት ጊዜ ይወጣና የአልኮሉ መጠን ወደ 70 ዲግሪ ይደርሳል። አርማኛክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ዓምድ በሚመስል የመዳብ ማውጫ፣ ከ52 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ። ዲግሪው ዝቅ ሲል ከወይኑ የሚመጣው ነገር ብዙው አብሮ ይቀራል፣ ሽታውም፣ ቅባቱም፣ ሸካራነቱም። ወጣት አርማኛክ ኃይለኛና ያልተገራ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ዘመን በርሜል ውስጥ መቆየትን የሚችለውም ለዚሁ ነው፤ እንጨቱ የሚሠራበት ሥጋ አለው።

ጎጃሜዋ፦

ይሄን እኛ ቤት እናውቀዋለን። እናቴ አረቄ ስታወጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። ተራ አለ፣ ዳግም አለ። ተራው አንዴ የወጣው ነው። እሱኑ ደግመው ሲያወጡት ዳግም ይሆናል፣ ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ። ተራው ውስጥ የጌሾው የብቅሉ ሽታ ይሰማሃል፤ ዳግሙ ላይ እሱ ይቀንሳል። እንግዲህ እኔ እንደገባኝ አርማኛክ እንደ ተራው፣ ኮኛክ እንደ ዳግሙ ነው። እንዲህ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት?

ማሲንቆ_ቱሉዝ፦

እህቴ፣ እኔ በብዙ ቃል የለፋሁበትን በአጭሩ ጨረስሽው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የአርማኛኩ ዓምድ ውስጥ ሳህን የሚመስሉ ደረጃዎች አሉ። ወይኑ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ በየደረጃው ይገናኛሉ። እንፋሎቱ ትኩስ ወይን ውስጥ እያለፈ ሽታውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢወጣም 50ዎቹ ውስጥ መግባት ይችላል። ማውጫው እንደ ድስት ተሞልቶ የሚገለበጥ አይደለም፤ ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ ይሠራል።

ደግሞ ደስ የሚለው፣ ትንንሾቹ ገበሬዎች የራሳቸው ማውጫ የላቸውም። በጎማ ላይ የተጫነ አለ፣ ከእርሻ እርሻ ይጎተታል፣ በእንጨት ይነዳል። ባለሙያው እሳቱን እየጠበቀ አጠገቡ ያድራል። ክረምት ላይ፣ ኖቬምበር አካባቢ፣ አንዱ ግቢ ውስጥ ማውጫው ሲቆም ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ አዲሱ ብራንዲ ገና ትኩስ እያለ መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ ይሸተታል። ወይኑ ሰልፈር ስለማይገባበት ብዙ አይቆይም። በሕጉም እስከ ማርች 31 ድረስ ወጥቶ ማለቅ አለበት።

የአራት_ኪሎዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ መጠጥ ላይ እውቀት የለኝም፣ ግን ይሄን ክር ሳየው የኔ ጥያቄ ነው አልኩ። አባቴ በመጪው ጥር 60 ዓመት ይሞላዋል። የተወለደው ጥር 1958 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ጡረታም የሚወጣው ያኔ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እሱ አዲስ አበባ። ማታ ራት ከበላ በኋላ አንድ መለኪያ ይወዳል፣ ከዚያ አያልፍም። በተወለደበት ዓመት የተሠራ ነገር ልወስድለት አሰብኩ። አንዱ ሱቅ 1958 የሚል አርማኛክ አለው። ሌላው 1966 አለው። አባዬ 1958 የሚለውን ሲያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል፣ መታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ነዋ። ግን ገንዘቡ ቀላል አይደለም፣ እስቲ ምከሩኝ። የቱን ልግዛ?

ባለሥልት፦

እህት፣ 1958ቱን አትግዢ። እሱ በፈረንጅ ነው። በእኛ ሲቆጠር 1951 መጀመሪያ ላይ የተለቀመ ወይን ነው። ከአባትሽ በሰባት ዓመት ይበልጣል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ከ1966ቱ ጋር ሂጂ።

ማሲንቆ_ቱሉዝ፦

ባለሥልት ስለ 1958ቱ ያለው ልክ ነው። ግን 1966ቱንም ከመግዛትሽ በፊት ይሄን ስሚኝ።

ወይን ለቀማ እዚህ የሚሆነው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። አብዛኛው የሚለቀመው በእኛ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ የአርማኛክን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ 8 ሳይሆን 7 ነው የሚቀነሰው። 1966 የሚለው ጠርሙስ በመስከረምና በጥቅምት 1959 የተለቀመ ነው። አባትሽ ያኔ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ እየዳኸ ነው። 1965 የሚለው ግን በመስከረምና በጥቅምት 1958 የተለቀመ ነው። ከዚያ ክረምቱን፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት 1958 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ማውጫው ላይ ወጥቶ በርሜል ገባ። አባትሽ የተወለደው በጥር አይደል? እንግዲያው እሱ በተወለደበት ሰሞን ያ ብራንዲ ገና እየወጣ ወይም በርሜል ውስጥ እየገባ ነበር።

ጠርሙሱ ላይ 1965 ይላል፣ ለአባትሽ ግን የ1958 መጠጥ ነው። ካርድ ላይ ይሄንኑ ጻፊለት፣ በጣም ደስ ይለዋል።

የአራት_ኪሎዋ፦

ወይኔ! ይሄንን የትኛውም ሱቅ አይነግረኝም ነበር። 1965 ፍለጋ ልግባ። እግዜር ያክብርልኝ።

ባለሥልት፦

የሰባቱ ሂሳብ ገብቶኛል፣ ልክ ነው። ግን ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም።

አንደኛ፣ 1965 በቦርዶ ወይን ጠጪዎች ዘንድ ስሙ የጠፋ ዓመት ነው። ዝናብ፣ ያልበሰለ ወይን። ቦርዶ ደግሞ ከጋስኮኝ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሰው ዕድሜን ከጥራት ጋር ያምታታል። 60 ዓመት ስለተባለ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እንጨት ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ አርማኛክ ቀምሻለሁ፣ አፍ ያደርቃል፣ ይመራል፣ ፍሬው ሞቶ እንጨቱ ብቻ ነው የቀረው። ለእኔ ከ25 እስከ 35 ዓመት በርሜል ውስጥ የኖረው ይበልጥብኛል። ገና ፍሬ አለው፣ አሮጌውም መጥቷል። ለአንድ ቁጥር ተብሎ ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ያሳስበኛል።

ማሲንቆ_ቱሉዝ፦

በሁለተኛው በከፊል እስማማለሁ። በመጀመሪያው ግን አልስማማም።

ከምግብ ጋር የሚጠጣ ወይን የሚለካበት መለኪያ ለብራንዲ አይሆንም። ለብራንዲ የሚፈለገው ወይን ለመጠጥ የማይጥም ዓይነት ነው፤ ጎምዛዛ፣ ቀጭን፣ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ገደማ። ብዙ ፀሐይ በልቶ የጣፈጠ ወይን ለማውጫ አይመረጥም፤ ጎምዛዛነቱ ነው ወይኑን ያለ ሰልፈር እስኪወጣ የሚጠብቀው። ስለዚህ ለቦርዶ ክፉ የተባለ ዓመት ለአርማኛክ ክፉ ይሆናል ብሎ መደምደም አይቻልም። ከዚያ በኋላ 40 ዓመት በርሜል አለ። የበርሜሉ እንጨት፣ የምድር ቤቱ እርጥበት፣ የባለቤቱ ትጋት ከዚያ መከር ዝናብ የበለጠ ድርሻ አላቸው። በአንድ መንደር ውስጥ የአንድ ዓመት ሁለት በርሜሎች አንዱ ድንቅ፣ ሌላው ተራ ሆነው ታገኛለህ።

እንጨት ስለሚያሸንፈው ያልከው እውነት ነው። ጥሩ ባለሙያ ግን ያንን ያውቃል። አዲሱ ብራንዲ መጀመሪያ አዲስ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ወደ 400 ሊትር በሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከጋስኮኝ ኦክ በተሠራ። የዚህ አገር ኦክ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ቀለምና ብዙ ጥብቅ ጣዕም ይሰጣል። ስለዚህ ከጥቂት ወራት ወይም ከአንድና ሁለት ዓመት በኋላ ወደ አሮጌ በርሜል ይገለበጣል። አሮጌው በርሜል የሚሰጠው እንጨት ጥቂት ነው፤ አየር ግን ያስገባል። በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይተናል፣ የመላእክት ድርሻ የሚሉት እሱን ነው። ባለሙያው እየቀመሰ ይቆያል። በቃ ሲለው ደግሞ ዳም ዣን በሚሉት ትልቅ የመስታወት ገንቦ ውስጥ ያስገባዋል፣ እዚያ ላይ ጊዜው ይቆማል። አንዳንድ የ1960ዎቹ አርማኛክ ዛሬ ሲታሸግ 60 ዓመት ሙሉ እንጨት ውስጥ ነበር ማለት አይደለም፤ መካከል ላይ መስታወት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ነውር የለውም፣ እንዲያውም የጥንቃቄ ምልክት ነው። ግን መጠየቅ አለበት።

ባለሥልት፦

እሺ፣ ይሄ ያሳምናል። እንግዲያው የአራት ኪሎዋ፣ ጠርሙሱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ የታሸገ ቢሆን እኔ እመርጣለሁ። ወደ 30 ወይም 40 ዓመት እንጨት ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የታሸገ ከሆነ ግን ቁጥሩን እንጂ ዕድሜውን አልገዛሽም።

ቦታውንም እዪ። ሦስት ክፍል አለ፦ ባዛርማኛክ፣ ቴናሬዝ፣ ኦታርማኛክ። ባዛርማኛክ አፈሩ ቀላ ያለ አሸዋ ነው፣ ብራንዲው ለስላሳና ፍሬያማ ነው። ቴናሬዝ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ነው፣ ወጣት እያለ ይከብዳል፣ ሲያረጅ ግን ይገርማል። ኦታርማኛክ ዛሬ ጥቂት ብቻ ነው የሚወጣበት። ለስጦታ ከሆነ ባዛርማኛክ ይሻላል፣ ያልለመደውንም ሰው ይቀበለዋል።

ቀንዲል፦

ሰላም ቤተሰብ። እኔ ዲሲ ባር ላይ ነው የምሠራው። ስለ ጠርሙሱ ንባብ ትንሽ ልጨምር፣ ደንበኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለሆነ።

ዲግሪውን አንብቡ። 40 ድፍን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ውሃ ገብቶበት ወደ 40 ወርዷል፣ ይሄ ደግሞ የሕጉ ዝቅተኛው ነው። 43.6 ወይም 46.8 የመሰለ ያልተጠጋጋ ቁጥር ካያችሁ ምናልባት ከበርሜሉ እንዳለ የወጣ ነው። ፈረንሳዮቹ ብሩት ደ ፉ ይሉታል። አርማኛክ ሲወጣ ዲግሪው ብዙም ከፍ ስለማይል፣ እርጥበት ያለበት ምድር ቤት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲቀመጥ ራሱ ወደ 40ዎቹ ይወርዳል፤ ውሃ መጨመር ላያስፈልገው ይችላል። ውሃ መግባቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ቀስ ተብሎ ለብዙ ወራት ከተደረገ። በችኮላ ሲሆን ግን ይሰማል።

ቀለም አያታልላችሁ። ካራሚል ለቀለም ማስተካከያ ይፈቀዳል። ጥቁር ስለሆነ አሮጌ ነው ማለት አይደለም።

የእርሻው ስም መጻፉም ጥሩ ነው። ዳሮዝ የሚባለው ቤት ለምሳሌ ከየእርሻው የሚገዛውን ሳይቀላቅል የእርሻውን ስም ጽፎ ነው የሚያሽገው፣ የታሸገበትንም ዓመት ያስቀምጣል። ከ1832 ጀምሮ ያለው ካስታሬድም ብዙ አሮጌ ዓመቶች አሉት። ዋጋውን በተመለከተ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ኮኛክ ወይም የስኮትላንድ ውስኪ ከአርማኛክ ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል። አርማኛክ ማስታወቂያ የለውም፣ የሚያወጡትም ትንንሾች ናቸው። ለእኛ ለጠጪዎቹ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሰሜን_ኮከብ፦

ቀንዲል፣ እንዴት ነው ታዲያ የሚጠጣው? በበረዶ ይሻላል? እኔ ኮኛክ ሲቀርብልኝ በኮካ ነው የለመድኩት፣ እውነቱን ልናገር።

ቀንዲል፦

ወጣቱን በፈለግከው ጠጣው፣ ማንም አይከለክልህም። የ40 ዓመቱን ግን ለብቻው። በረዶ ሽታውን ይዘጋዋል፣ የከፈልክበት ደግሞ ሽታው ነው።

ብርጭቆው ትንሽ፣ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን። ያ ትልቁ ሆድ ያለው ፊልም ላይ የምናየው ብርጭቆ አልኮሉን ሰብስቦ አፍንጫህ ላይ ነው የሚለቀው። ከታች በሻማ ማሞቅም ይቅር። የእጅ ሙቀት ይበቃል። ሁለት ጣት አትቅዳ፣ ትንሽ ቅዳ። ከዚያ ተወው። አንዳንዶች ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደቂቃ ይላሉ፣ ለ40 ዓመት 40 ደቂቃ። እኔ ግማሽ ሰዓት እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ አፍንጫህን ውስጥ አትክተት፣ ከአገጭህ አጠገብ ያዘው፣ ሽታው ራሱ ይመጣል። ስትጠጣ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍህን ለማለማመድ ናት፣ በእሷ አትፍረድ።

ለእኛ ሰው ደግሞ አንድ ልዩ ማሳሰቢያ። ቡና ተፈልቶ ዕጣን እየጨሰ ባለበት ቤት አትክፈቱት። ዕጣኑ ሁሉን ይሸፍነዋል። ቡናው ይጠጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከዚያ ይቀዳ። ከቡና በኋላ ደግሞ እንዴት እንደሚስማማው! ጋስኮኞችም ከምግብና ከቡና በኋላ ነው የሚጠጡት።

ጎጃሜዋ፦

የዕጣኑን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ማሲንቆ፣ አንተ የቀመስከውን አንዱን እስቲ በደንብ ንገረን። ምን ምን ይላል? እኔ ሳልጠጣ በማንበብ ልደሰት።

ማሲንቆ_ቱሉዝ፦

እሺ እህቴ። በቅርቡ የቀመስኩትን ልንገርሽ። የ1979 ባዛርማኛክ ነው፣ ከአንድ ትንሽ እርሻ፣ በ2014 የታሸገ፣ ከባኮ ወይን። እና ውሃ አልገባበትም፣ 45 ዲግሪ ያልፋል።

ሲቀዳ የጠቆረ ማር ይመስላል፣ ጠርዙ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ነገር አለው፤ ያ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ የእውነተኛ ዕድሜ ምልክት ነው። መጀመሪያ ዝግ ነበር። አልኮልና ትንሽ ቫርኒሽ። ተውኩት። ቆይቶ የደረቀ ፕሪም መጣ፣ ከዚያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ትንሽ ቫኒላ። እኔ የምጠብቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ራንሲዮ ይሉታል። የቆየ ዋልነት፣ የደረቀ እንጉዳይ፣ ቆዳ፣ የእንጨት ሰም። ይሄ በአሥር ዓመት አይመጣም፣ በሃያም ሲጀምር ነው። ብራንዲው ውስጥ ያለው ቅባት ከአየር ጋር በዝግታ ሲሠራ የሚወለድ ነው፣ ማንም አቋርጦ ሊያመጣው አይችልም። አርማኛክን የምወደው ለዚህ ሽታ ስል ነው፣ ሳልደብቅ ልናገር።

አፍ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። አፍንጫው ጣፋጭ ነገር ይነግርሻል፣ ምላስ ላይ ግን ደረቅ ነው። ስኳር የለም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ፕሪሙ ይመለሳል፣ ከዚያ በርበሬ ያለበት የመሰለ ማቃጠል፣ ቀስ ብሎ ደግሞ መራር ካካዎ። ከዋጥሽው በኋላ ለብዙ ደቂቃ አይሄድም። ብርጭቆውን ሳላጥብ አሳደርኩት። ጠዋት ላይ አልኮሉ ጠፍቶ ካካዎና ትምባሆ ቅጠል ብቻ ይሸታል። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩት በባዶው ብርጭቆ ነው። መጥፎው ጠዋት ላይ ምንም አይሸትም፣ ወይም እርጥብ ካርቶን ይሸታል።

ሰሜን_ኮከብ፦

ባኮ ያልከው ምንድነው? የወይን ዓይነት ነው?

ባለሥልት፦

እኔ ልመልስ። ድሮ አርማኛክ በአብዛኛው ፎል ብላንሽ ከሚባል ወይን ነበር የሚወጣው፣ ሽታው የአበባ፣ በጣም ስስ። ከዚያ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ነፍሳት ከአሜሪካ መጥታ የፈረንሳይን ወይን አወደመች። ፎል ብላንሽ በአሜሪካ ሥር ላይ ሲከተብ ፍሬው እየተጨናነቀ መበስበስ አበዛ። በ1898 ፍራንሷ ባኮ የሚባል የላንድ መምህር ፎል ብላንሽን ኖዋ ከሚባል የአሜሪካ ዝርያ ጋር አዳቅሎ አዲስ ወይን አወጣ፣ ባኮ 22 ኤ ተባለ። በሽታ ይቋቋማል፣ ባዛርማኛክ አሸዋ ላይ ጥሩ ይበቅላል። ዛሬ ብዙው ኡኚ ብላን ነው፣ የ1960ዎቹ ባዛርማኛክ ግን ባኮ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ባኮ ወጣት እያለ ሻካራ ነው፤ ረጅም ዕድሜ ሲሰጡት ነው ወፍራምና ጥልቅ የሚሆነው። ለአሮጌ ጠርሙስ እኔ ባኮን ነው የምመርጠው።

የአራት_ኪሎዋ፦

ተመለስኩ። 1965 ባዛርማኛክ አገኘሁ። በምክራችሁ መሠረት ሻጩን ጻፍኩለት፣ ፈጥኖ መለሰልኝ። በ2004 የታሸገ፣ 43 ዲግሪ፣ በብዛት ባኮ፣ እስከሚታሸግ ድረስ በርሜል ውስጥ የነበረ፣ መስታወት ገንቦ ውስጥ ያልገባ። የእርሻው ስም አለበት። ምን ትላላችሁ? ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ስሄድ እንዴት ላድርግ? እስከ ጥርስ ድረስ ሳይበላሽ ይቆያል?

ባለሥልት፦

38 ዓመት እንጨት፣ ባኮ፣ ባዛርማኛክ። በእኔ በኩል ምንም ተቃውሞ የለኝም። ግዢው። ከመክፈልሽ በፊት የጠርሙሱን ፎቶ ጠይቂ፣ መጠጡ አንገቱ ላይ እስከየት እንደሆነ የሚያሳይ። በጣም ከወረደ ቡሹ ያሳልፋል ማለት ነው።

ቀንዲል፦

እስከ ጥር አቁመሽ አስቀምጪው። ወይን አይደለም፣ አይተኛም። 43 ዲግሪ አልኮል ከቡሹ ጋር ለወራት ከተነካካ ቡሹን ይበላዋል። ብርሃንና ሙቀት ከሌለበት ቁም ሣጥን ይበቃል።

ለጉዞው፣ በእጅ ሻንጣ አይታለፍም፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ከ24 እስከ 70 ዲግሪ ያለ አልኮል ካልተከፈተ በአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል። የአፉን ዙሪያ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ እሰሪው፣ ከዚያ በጋቢ ጠቅልለሽ ሻንጣው መሃል አስቀምጪው፣ ጫፍ ላይ አይሁን። ለአባትሽ ጋቢ አብረሽ የምትወስጂ ከሆነ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ጎጃሜዋ፦

ከተከፈተ በኋላስ? አባቷ ማታ ማታ አንድ መለኪያ ብቻ ከሆነ የሚጠጡት፣ ረጅም ጊዜ ነው የሚቆየው። አረቄ ቢሆን ግድ የለውም ነበር።

ማሲንቆ_ቱሉዝ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለወራት ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ከተከፈተ ከሳምንት በኋላ ይበልጥ ይከፈታል። ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን ውስጡ ያለው አየር ይበዛና ሽታው ቀስ እያለ ይደክማል። ያኔ ወደ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ ይገልብጡት፣ እስከ አፉ ይሙላ። እንዲህ ከተደረገ አንድ ዓመትም ይቆያል።

የአራት ኪሎዋ፣ ለአባትሽ ይሄንንም ንገሪያቸው። ሲከፍቱት ቡሹን ቀስ ብለው ያዙሩት፣ በኃይል አይሳቡት። የቆየ ቡሽ መሃል ላይ ይቆረጣል። ከተቆረጠም አይደንግጡ፣ የቀረውን ወደ ውስጥ ገፍተው በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልለው ወደ ሌላ ጠርሙስ ያድርጉት። ጨርቁ ሽታ ባለው ሳሙና ያልታጠበ ይሁን። ከዚያ ትንሽ ይቅዱና ቅመሚ ብለው ላንቺም ይስጡሽ፤ ምን እንደሸተተሽ እዚህ መጥተሽ ጻፊልን።